ኮምፒውተርዎ በሌላ ሰው ላይ እንዳይዘምት፦ ለጎጃም ጽሕፈት ቤቶች፣ ሱቆችና ሆቴሎች የተዘጋጀ መመሪያ

ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ያለ የአንድ ሱቅ ኮምፒውተር ሌላ አህጉር ያለ ድረ ገጽ ለመጣል ሲውል ባለቤቱ ምንም ላያይ ይችላል። ፋይል አይጠፋበትም፣ ስክሪኑ ላይ ማስፈራሪያ አይወጣበትም፣ ገንዘብ የሚጠይቀውም የለም። የሚያየው ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍና የገዛው ፓኬጅ ቀኑ ሳይደርስ ሲያልቅ ነው። ያንንም በኔትወርኩ አሳቦ ያልፈዋል። ቫይረስ የራሳችንን ሥራ ሲያበላሽ ወዲያው እንነቃለን፤ ዕቃችን ሌላውን ሲጎዳ ግን መጥቶ የሚነግረን የለም። ስለዚህ ፈልጎ ማግኘት የእኛው የባለቤቶቹ ሥራ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ያለ ባለሙያ የሚሠራ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ልናገር። አጥቂው አንድን ሰርቨር ከአቅሙ በላይ በሆነ ጥያቄ ያጥለቀልቀውና እውነተኛ ደንበኞች መግባት ያቅታቸዋል። ባለሙያዎቹ ዲዶስ ይሉታል። ከአንድ ኮምፒውተር የሚመጣ ጎርፍ በቀላሉ ስለሚታገድ፣ አጥቂው አስቀድሞ በሺዎች የሚቆጠሩ የሌላ ሰው ዕቃዎችን በእጁ ያስገባና በአንድ ትእዛዝ ያዘምታቸዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህ ላይ ለክፋት ይውላል። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም ሚራይ የተባለው ፕሮግራም ዳይን የተባለ፣ የድረ ገጾችን ስም ወደ አድራሻ የሚመልስ የአሜሪካ ኩባንያ ላይ ሲዘምት ትዊተር፣ ኔትፍሊክስና ሬዲት ለሰዓታት ለብዙ ሰው አልከፈት ብለው ነበር። የዘመቱት በአብዛኛው የጥበቃ ካሜራዎች፣ የካሜራ መቅጃዎችና የቤት ራውተሮች ናቸው። ሚራይ ሰብሮ አልገባም፤ ከፋብሪካ የሚወጡ 60 ያህል የታወቁ የስምና የፓስወርድ ጥምሮችን ተራ በተራ ሞክሮ የሚከፈተው ተከፈተለት።

ሌላም መንገድ አለ፤ የማስተጋባት ጥቃት እንበለው። እዚህ ላይ ዕቃዎ መጠለፍ እንኳ አያስፈልገውም። አጥቂው ትንሽ ጥያቄ ይልክልዎታል፤ የላኪውን አድራሻ ግን የራሱን ሳይሆን የተጠቂውን ያደርገዋል። ዕቃዎም ትልቅ መልስ አዘጋጅቶ ለተጠቂው ይልካል። የካቲት 21 ቀን 2010 ዓ.ም ጊትሃብ የተባለ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ድረ ገጽ ላይ በሰከንድ 1.35 ቴራቢት የወረደው በዚህ መንገድ ነው። መልሱን ያጎረፉት ሜምካሽድ የሚባል ፕሮግራም ለመላው ዓለም ክፍት ትተው የነበሩ ሰርቨሮች ነበሩ።

አሁን ወደ ሥራው።

1. መጀመሪያ ከቤትዎ የሚወጣውን ይወቁ

ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ጥሩ ሰዓት ነው። ስልኮችን ሁሉ ከዋይፋይ ያውጡ። ኮምፒውተሮቹ እንደበሩ ማንም ሳይነካቸው ይቆዩ። ከዚያ ራውተሩ ላይ ኬብል የተሰካባቸውን ቀዳዳዎች መብራት ቁጭ ብለው ይመልከቱ። አልፎ አልፎ ብልጭ ማለት ያለ ነው። ከአሥር ደቂቃ በላይ ያለ ፋታ የሚርገበገብ ካለ ግን ኬብሉን በእጅዎ ተከትለው የት እንደሚያደርስ ይዩ። ብዙ ጊዜ ሰው ኮምፒውተሩን ይጠረጥራል፤ ኬብሉ የሚያደርሰው ግን ኮርኒስ ሥር ካለው የካሜራ መቅጃ ይሆናል። ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ካሜራውን በስልኩ እያየ ከሆነ መርገብገቡ ተገቢ ነው። ማንም ሳያይ ከሆነ ግን ይያዝ።

መብራቱ የሚገባውንና የሚወጣውን አይለይም። ለዚህ ወደ ኮምፒውተሩ ይሂዱ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን፣ ቀጥሎ ኢተርኔት ወይም ዋይፋይ የሚለውን ይጫኑ። ሴንድ የሚለው የሚወጣው ነው፤ ሪሲቭ የሚለው የሚገባው። የአብዛኛው ሰው ሥራ የሚገባው የሚበዛበት ነው፤ ቪዲዮ እናያለን፣ ፋይል እናወርዳለን። ማንም ሳይሠራበት ሴንድ ከፍ ብሎ ከቆየ አንድ ነገር አለ።

ማን እንደሚልክ ለማወቅ ስታርት ላይ ሪሶርስ ሞኒተር ብለው ይፈልጉና ኔትወርክ የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። ሴንድ የሚለውን ርእስ ሲጫኑ ብዙ የሚልከው ፕሮግራም ወደ ላይ ይመጣል። ጎግል ድራይቭ ወይም ዋንድራይቭ ፋይል እየጫነ ሊሆን ይችላል፤ ያ ጤነኛ ነው። ስሙን የማያውቁት፣ ወይም በመቶ የሚቆጠሩ የተለያዩ አድራሻዎችን እያንኳኳ ያለ ፕሮግራም ሲያዩ ግን ስሙን ወረቀት ላይ ይያዙ። አንድ የሚያታልል ነገር ልጠቁምዎ፦ ክፉ ፕሮግራሞች ኤስቪሲሆስት የሚባለውን የዊንዶውስ የራሱን ስም ይለብሳሉ። ታስክ ማናጀር ውስጥ ዲቴይልስ ገጽ ላይ ስሙን በማውሱ ቀኝ ተጭነው ኦፕን ፋይል ሎኬሽን ይበሉ። እውነተኛው የሚገኘው ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሲስተም 32 ከሚባለው ነው። ቴምፕ ወይም አፕ ዳታ ውስጥ ከተገኘ አስመሳይ ነው፤ ወደ መጨረሻው ክፍል ይሂዱ።

2. ራውተሩ

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት በየቤቱ አለ። ሰው የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሮ ራውተሩን የቆለፈ ይመስለዋል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ኢንተርኔት ለመጠቀም የሚያስገባው ነው፤ ሌላኛው ራውተሩን ራሱን ለማዘዝ የሚያስገባው ነው። አጥቂ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፤ ብዙ ቤት ደግሞ ሁለተኛው ዕቃው ከካርቶን ከወጣ ጀምሮ አልተነካም።

ራውተሩን ገልብጠው ሥሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ። አድራሻው 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ዓይነት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን በብራውዘር ጽፈው ይግቡና የሚከተሉትን ያድርጉ። የማዘዣውን ፓስወርድ ይቀይሩ፤ ከዋይፋዩ የተለየ ይሁን፣ በደብተር ጽፈው ከንግድ ፈቃድዎ ጋር ያስቀምጡት። ሪሞት ማኔጅመንት የሚለው ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማዘዝ የሚፈቅድ ስለሆነ ያጥፉት። ቴልኔት የሚል ካለ ያጥፉት፤ ዕቃን ከሩቅ የማዘዣ አሮጌ መንገድ ነው። ዩፒኤንፒ የሚለውንም ያጥፉ፤ ይህ ማንኛውም ዕቃ ባለቤቱን ሳይጠይቅ በር እንዲያስከፍት የሚፈቅድ ነው። አንዳንድ ራውተር ላይ ደግሞ ይኸው አገልግሎት ከውጭ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ ስለሚሰጥ ቀደም ብዬ ላልኩት የማስተጋባት ጥቃት ይውላል። ዲኤምዜድ ከበራ ያጥፉ፤ አንዱን ዕቃ ያለ መከለያ ለውጭ የሚያጋልጥ ነው። ፖርት ፎርዋርዲንግ ወይም ቨርቹዋል ሰርቨር የሚለውን፣ ከውጭ ለሚመጣ የተከፈቱ በሮች (ፖርቶች) ዝርዝር ከፍተው እዚያ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደተጻፈ ይጠይቁ። መልስ ያጡለትን ይሰርዙ።

ራውተሩን በመርፌ ቀዳዳው ሪሴት ከማድረግዎ በፊት ይጠንቀቁ። የፋይበር ራውተር ከሆነ ቴሌ የሞላው የመስመሩ መረጃ አብሮ ሊጠፋና ኢንተርኔት አልባ ሊሆኑ ይችላሉ። አስቀድመው 994 ደውለው ይጠይቁ። ፓስወርድ መቀየር ብቻ ግን ሪሴት አያስፈልገውም።

3. ካሜራውና መቅጃው

ሥጋቴ ትልቁ እዚህ ነው። የቡሬ እህል መጋዘን፣ የደጀን ማደያ፣ የቢቸና ሸቀጥ ሱቅ ሁሉ ካሜራ አለው። ካሜራውን የሰቀለው ልጅ ሥራውን ጨርሶ፣ ባለቤቱ በስልኩ ማየቱን አረጋግጦ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ፓስወርዱን ቀይር ያለው የለም፤ ቢባልም 123456 ይሆናል። መቅጃው ደግሞ ሌት ከቀን ስለማይጠፋ ለአጥቂ ከኮምፒውተር ይበልጣል።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሚራይ በመቅጃው ጊዜያዊ ማስታወሻ (ራም) ላይ ብቻ ስለሚቀመጥ ዕቃው ጠፍቶ ሲበራ ይጠፋል። ነገር ግን ፓስወርዱ ያው ከሆነ መስመር ላይ ያለው ሌላ የተበከለ ዕቃ በደቂቃዎች ውስጥ አግኝቶ መልሶ ይይዘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የኔትወርክ ኬብሉን ከመቅጃው ይንቀሉ። ከዚያ መቅጃውን አጥፍተው ያብሩት። ኬብሉ እንደተነቀለ በመቅጃው ማውስና ስክሪን ገብተው የአድሚን ፓስወርዱን ይቀይሩ፤ ረጅም ይሁን፣ ከሌላ ቦታ የተወሰደ አይሁን። ዩዘር ከሚለው ዝርዝር ውስጥ እርስዎ ያልፈጠሩት ስም ካለ ይሰርዙ። ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ቴልኔትና ዩፒኤንፒ ካሉ ያጥፉ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ኬብሉ የሚመለሰው። መብራት ሄዶ ሲመለስ መቅጃው ንጹሕ ሆነ ብለው አይረኩ፤ ፓስወርዱ ካልተቀየረ መልሶ ይያዛል።

በስልክ ማየት ቢፈልጉ ራውተሩ ላይ ፖርት አስከፍተው አያድርጉት። ሠሪው «ፖርት ልክፈትልህ» ካለ በኩባንያው መተግበሪያ በኩል፣ በመሣሪያው መለያ ቁጥር የሚገባበትን መንገድ እንዲያበጅ ይጠይቁት። እሱም ጠንካራ ፓስወርድ ይፈልጋል፤ ቢያንስ ግን መቅጃው ለዓለም ሁሉ በሩን ከፍቶ አይቀመጥም።

በ2009ኙ ጥቃት ከዘመቱት ዕቃዎች ውስጥ የአንዳንዶቹ የቴልኔት ፓስወርድ ከፋብሪካ የተጣበቀ፣ ባለቤቱ ሊቀይረው የማይችል ነበር። አንድ የቻይና አምራችም አሜሪካ ውስጥ የሸጣቸውን አንዳንድ ምርቶች እንደሚሰበስብ አስታውቋል። እጅዎ ያለው ምልክት የሌለው ርካሽ መቅጃ ከሆነና ፓስወርድ መቀየሪያው የማይሠራ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ ከኢንተርኔት ጋር ጭራሽ አያገናኙት። ሱቁ ውስጥ ባለው ስክሪን ብቻ ይሥራ። መቅዳቱን አያቆምም።

4. ዊንዶውሱ

ብዙዎቻችን ዊንዶውስ የምንጭነው ከባለሙያ ፍላሽ ነው። ፍላሹ ላይ ከዊንዶውሱ ጋር አክቲቬተር፣ ማለትም ዊንዶውሱን ያለ ፈቃድ የሚያሠራ ፕሮግራም አለ፤ አክቲቬተሩ ሲከፈት የመጀመሪያ ትእዛዙ አንቲቫይረስ አጥፋ የሚል ነው። በዚህ መንገድ የገባ ክፉ ፕሮግራም መጥለፍ አያስፈልገውም፤ በሩን ያስከፈትነው እኛው ነን። ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ ዋጋው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢያንስ የሚከተለውን ያድርጉ።

ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ይክፈቱ። ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ውስጥ ማኔጅ ሴቲንግስ፣ ወደ ታች ወርደው ኤክስክሉዥንስ የሚለውን ያግኙ። አንቲቫይረሱ እንዳይነካቸው የተባሉ ፎልደሮች ዝርዝር ይህ ነው። ጫኚው ብዙ ጊዜ መላውን ሲ ድራይቭ እዚያ ጽፎ ይሄዳል። ያ ካለ አንቲቫይረስዎ በርቷል እያለ ምንም አያይም ማለት ነው። ሁሉንም ያጥፉ። ሪል ታይም ፕሮቴክሽንና ታምፐር ፕሮቴክሽን ይብሩ። ከዚያ ስካን ኦፕሽንስ ውስጥ ኦፍላይን ስካን የሚለውን ይጫኑ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይበራና ዊንዶውሱ ሳይነሳ ይፈትሻል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሥራዎን ሴቭ አድርገው ይጀምሩት፤ መብራት እንዳይሄድብዎም ጊዜውን ይምረጡ።

አፕዴትን በተመለከተ ሁለት ነገር። ፓኬጅ እንዳያልቅ ብለን ዋይፋዩን ሜተርድ ኮኔክሽን እናደርገዋለን። ያኔ ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት አያወርድም፤ ወራት ያልፋል። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ ያለ አፕዴት የከረመ ማሽንም ብዙ ነው። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ማታ ሜተርዱን አጥፍተው አፕዴቱ ይውረድ። ብዙ ኮምፒውተር ካለዎ እያንዳንዱ ለየብቻ እንዳያወርድ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ውስጥ በአካባቢው ኔትወርክ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ይካፈሉ የሚለውን ይምረጡ። አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ። ኢንተርኔት ላይ ላሉትም ይካፈል የሚለውን ግን አይምረጡ፤ ፓኬጅዎ ለማያውቁት ሰው ይሄዳል።

ዊንዶውስ 7 ከጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም ወዲህ ጥገና የለውም። ዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም መደበኛ ጥገናው አብቅቷል፤ ለተጨማሪው ጊዜ የተመዘገበ ግለሰብ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም ያገኛል፣ ምዝገባውም እዚያው ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው። በፍርድ ቤት ዙሪያ ማመልከቻ የሚጽፉ ቤቶች አሮጌው የግዕዝ መጻፊያ እዚያ ላይ ስለለመደላቸው ዊንዶውስ 7ን አይለቁም። እኔም ጣሉት አልልም። ኬብሉን ብቻ ይንቀሉለት። መጻፊያና ማተሚያ ሆኖ ይቀጥል፤ ኢሜይልና ቴሌግራም በሌላው ኮምፒውተር ይሁን። ከኔትወርክ የወጣ ማሽን ማንም ላይ አይዘምትም።

ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ስካን ያደረገውን ወደ ኮምፒውተር እንዲልክ ተብሎ ኤስኤምቢ 1 የሚባለው አሮጌ የፋይል መጋሪያ እንዲበራ የሚደረግበት ቤት ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ቫይረስ የተሰራጨው በዚሁ መጋሪያ ቀዳዳ በኩል ነበር። ስካኑን በፍላሽ ይቀበሉና ያጥፉት።

ሪሞት ዴስክቶፕ የማይጠቀሙበት ከሆነ ይጥፋ። ባለሙያው ከቤቱ ሆኖ ለመጠገን ኤኒዴስክ ጭኖ ቋሚ ፓስወርድ ሰጥቶት ከሄደ ያንን ፓስወርድ ይሰርዙት፤ ሲያስፈልግ እርስዎ ራስዎ እሺ ብለው ያስገቡት።

5. ኢንተርኔት ቤትና ጽሕፈት ቤት

ዲፕ ፍሪዝ የሚጠቀሙ ቤቶች ኮምፒውተሩ በጠፋና በበራ ቁጥር ወደ ቀድሞው ስለሚመለስ ይተማመኑበታል። ግማሽ እውነት ነው። የተቀዘቀዘው ዊንዶውስ ሲቀዘቅዝ ንጹሕ ካልነበረ ክፉው ፕሮግራም በየጠዋቱ አብሮ ይነሳል። አፕዴቱም በየማታው ይጠፋል፤ ስለዚህ ዓመት የከረመ ቀዳዳ በየቀኑ አዲስ ሆኖ ይከፈታል። በወር አንድ ቀን እሑድ ጠዋት ደንበኛ ሳይበዛ ይቅለጥ፣ አፕዴት ይደረግ፣ ኦፍላይን ስካን ይሮጥ፣ ተመልሶ ይቀዝቅዝ። ደንበኛ የሚቀመጥበት አካውንት አድሚን አይሁን፤ ፕሮግራም መጫን ካልቻለ ግማሹ ችግር ይወገዳል።

ደንበኛ ፍላሽ ሲያመጣ ሾርትከት ቫይረስን የማያውቅ ጽሕፈት ቤት የለም። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ቪው ላይ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስን ያብሩ፤ ፎልደር መስሎ የሚጠብቅዎ ፕሮግራም ያኔ ይታወቃል። አውቶፕሌይን ያጥፉ። ከተቻለ ደንበኛው ፋይሉን በቴሌግራም ይላክልዎ፤ ሰነድ ሲሆን ፒዲኤፍ ይሁን።

6. ማይክሮቲክ ያለው ሆቴልና ኮሌጅ

ይህ ክፍል ለአይሲቲ ሠራተኞች ነው፤ ሌላው ሊዘለው ይችላል። ዊንቦክስ ገብተው አይፒ፣ ዲኤንኤስ ሲከፍቱ አላው ሪሞት ሪኩዌስትስ የሚል አለ። ለእንግዶቹ እንዲሠራ ሁላችንም እናበራዋለን። ነገር ግን በኢንተርኔት በኩል ያለውን በር ካልዘጉት ራውተርዎ ለዓለም ሁሉ የስም ጥያቄ የሚመልስ ክፍት ሰርቨር ሆነ ማለት ነው፤ የማስተጋባት ጥቃት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ፋየርዎል ላይ ኢንፑት ቼይን ውስጥ፣ ከኢንተርኔት በኩል ባለው ኢንተርፌስ የሚመጣ የዩዲፒና የቲሲፒ ፖርት 53 ድሮፕ ይደረግ።

አይፒ፣ ሰርቪስስ ውስጥ ቴልኔት፣ ኤፍቲፒ፣ ደብሊው ደብሊው ደብሊው እና ኤፒአይ ይጥፉ። ዊንቦክሱ ከውስጥ ኔትወርክ ብቻ እንዲገባ አቬይለብል ፍሮም ላይ የራስዎን አድራሻ ክልል ይጻፉ። ሲስተም፣ ስኬጁለር ይክፈቱና እርስዎ ያልጻፉት ከውጭ ፋይል የሚያመጣ ትእዛዝ ካለ ይሰርዙ። አይፒ፣ ሶክስ በርቶ ከተገኘ ያጥፉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሜሪስ የተባለው ሠራዊት በአብዛኛው የማይክሮቲክ ራውተሮች ስብስብ ነበር። ቀዳዳው እ.ኤ.አ. በ2018 የተደፈነ ነው፤ ባለቤቶቹም አፕዴት ያደረጉ ነበሩበት። ነገር ግን ፓስወርዳቸው ከመደፈኑ በፊት ተሰርቆ ስለነበረና ስላልቀየሩት አፕዴቱ ብቻውን አላዳናቸውም። ስለዚህ ሁለቱንም አብረው ያድርጉ።

ሊኑክስ ሰርቨር ካለዎ ሜምካሽድ ከራሱ ከማሽኑ ውጭ እንዳይሰማ ያድርጉ፤ የዩዲፒ ፖርት 11211 ይዘጋ። የሰዓት አገልግሎቱ ሞንሊስት የሚባለውን ጥያቄ እንዳይመልስ አዲስ ስሪት ይሁን። ከቤትዎ የሚወጣ ፓኬት ላኪው የራስዎ አድራሻ ካልሆነ እንዲወድቅ ሕግ ይጻፉ፤ ይህ ምክር ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው፣ አድራሻ አስመስሎ መላክን ከምንጩ ያቆማል።

7. ስልክና ነፃ ቪፒኤን

ስልክም ይዘምታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ዋየርኤክስ የተባለ ጥቃት በአንድሮይድ ስልኮች የተፈጸመ ሲሆን ጎግል ከፕሌይ ስቶር 300 ያህል መተግበሪያዎችን አስወግዷል። ፕሌይ ስቶር ላይ ይህ ከሆነ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈውና በቴሌግራም ቻናል የሚወርደው ምን ሊሆን እንደሚችል ያስቡት። ሴቲንግ ውስጥ ኢንስቶል አንኖውን አፕስ የሚለውን ለሁሉም ያጥፉ።

ነፃ ቪፒኤን ኢንተርኔት ሲገደብ ሁሉም ስልክ ላይ ገብቶ ነበር፤ ከአንዱ ሌላው ይሻላል እየተባለ አራት አምስት የጫነም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሆላ የተባለው ነፃ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌላ ይሸጥ እንደነበርና በዚያው መስመር አንድ ድረ ገጽ መጠቃቱ ተጋልጧል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት 911 ኤስ 5 የተባለውን የተጠለፉ ኮምፒውተሮች መረብ ሲያፈርስ 19 ሚሊዮን ያህል የአይፒ አድራሻዎች ተገኝተውበታል፤ ማስክ ቪፒኤንና ዲው ቪፒኤን ከመግቢያዎቹ መካከል ነበሩ። የማይጠቀሙበትን ዛሬውኑ ያውጡ። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ካወጡ በኋላ ታስክ ማናጀር ላይ አብሮት የቀረ ነገር እንደሌለ ይመልከቱ።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። የተጣላነውን ገጽ እናውርድ እያሉ በቴሌግራም ፕሮግራም የሚያከፋፍሉ አሉ። ያንን መጫን ኮምፒውተርን በፈቃድ ለዘመቻ መስጠት ነው። የሚልኩት የእርስዎን አድራሻ ይዞ ይሄዳል፤ ያከፋፈለው ሰው አይታይም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሌላን ኮምፒውተር ሥራ ማወክን በወንጀል ያስቀጣል። ፕሮግራሙን ያሰራጨው ሰው ፍርድ ቤት አብሮዎት አይቆምም።

8. ከተገኘብዎ

አይደናገጡ፤ ግን አይዘግዩ። ኬብሉን ይንቀሉ ወይም ዋይፋዩን ያጥፉ። ኮምፒውተሩን ወዲያው አያጥፉት፤ መጀመሪያ ታስክ ማናጀሩንና ሪሶርስ ሞኒተሩን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፣ ሰዓቱን ይጻፉ። በዚያ ማሽን ባንክም ሆነ ኢሜይል አይክፈቱ። ከሌላ ንጹሕ ዕቃ የኢሜይል፣ የቴሌግራምና የባንክ ፓስወርዶችን ይቀይሩ።

ከዚያ ራውተሩን ያስቀድሙ። ራውተሩ ተይዞ ኮምፒውተሩን ማጽዳት ድካም ነው፤ ንጹሑ ማሽን መስመር ላይ በወጣበት ሰዓት ተመልሶ ሊያዝ ይችላል። ክፍል 2ን ጨርሰው፣ ካሜራው ካለ ክፍል 3ን ጨርሰው፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ኦፍላይን ስካን ያድርጉ። አክቲቬተር ወይም ክራክ የነበረበት ማሽን ከሆነ ስካን አይበቃውም። ሰነድዎንና ፎቶዎን ብቻ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ያውጡ፤ ፕሮግራም አያውጡ። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ይጫኑ፤ የሚጫነውን ፋይል ማይክሮሶፍት ራሱ ከሚያቀርበው የሚዲያ ክሪኤሽን መሣሪያ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ያውርዱ እንጂ ያንኑ የመጀመሪያውን ፍላሽ መልሰው አያምጡት። ማሽኑ ለአዲሱ ዊንዶውስ አቅም ካነሰው ሊኑክስ ሚንት በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፤ 4 ቢኖረው ይሻላል። አማርኛ መጻፍም ይቻላል።

የቴሌ ደንበኛ ከሆኑ 994 ደውለው መስመርዎ ላይ ያልተለመደ ወጪ ትራፊክ እንዳለ ይንገሩ። የደረሰው ጉዳት ከባድ ከሆነ ወይም ፖሊስ ከጠየቀዎ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የሚመለከተው ተቋም ነው። ሲደውሉም ሆነ ሲያመለክቱ የአገልግሎት ቁጥርዎን፣ የራውተሩን ሞዴል፣ ያነሷቸውን ፎቶዎች፣ ነገሩ የተጀመረበትን ቀንና ሰዓት፣ በዚያ ሳምንት የጫኑትን ፕሮግራም ወይም የሰቀሉትን ዕቃ ስም በወረቀት ይዘው ይቅረቡ።